ፓርቲሽን ካስተካከላችሁ በኋላ ኮምፒውተሩ አልነሳ ካለ፦ ስድስቱ መንገዶች ሲነጻጸሩ

ባለፈው ሰኔ አንዲት ተመራቂ ተማሪ ላፕቶፗን በነጠላ ጠቅልላ ይዛልኝ መጣች። ደብረ ብርሃን ያካፋ ነበር። ስከፍተው ጥቁር ስክሪን ላይ ነጭ ጽሑፍ ብቻ ወጣ፤ «ኖ ቡታብል ዲቫይስ»። ነገሩ እንዲህ ነው። ሲ ድራይቭ ሞልቶባት ጓደኛዋ ከዲ ቀንሶ ሊያሰፋላት ሞከረ። በዚያው መሃል 100 ሜጋባይት የምታህል ስም የሌላት ፓርቲሽን (የዲስክ ክፍልፋይ) አየና «ይቺ ቦታ ከመያዝ በቀር ምንም አትሠራም» ብሎ አጠፋት። ላፕቶፑ የሚነሳው ግን በእሷ ነበር። ጥገና ቤት ስትወስደው «ፎርማት ካልተደረገ አይሆንም» አሏት። የመመረቂያ ጽሑፏ ደግሞ ከዚያ ላፕቶፕ ውጭ የትም የለም።

ፎርማት አላስፈለገም። ሊኑክስ (በዊንዶው ፋንታ የሚሠራ ነጻ ሲስተም) ባለበት ፍላሽ አስነሳነው፤ ፋይሎቿ በሙሉ ዴስክቶፕ ላይ እንደነበሩ ቁጭ ብለዋል። መጀመሪያ ወደ ኤክስተርናል ገለበጥናቸው። ከዚያ ያቺን ትንሽ ፓርቲሽን መልሰን ፈጠርን፣ የቡት ፋይሎቹን ጻፍንባት፣ ሪስታርት አደረግነው፣ ተነሳ። ጽሑፏን ከፍታ እስከ መጨረሻው ገጽ ድረስ አየችው።

እንዲህ ያለ ላፕቶፕ ብዙ አይቻለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ፋይሉ ደህና ነው፤ የተበላሸው ወደ ዊንዶው የሚያደርሰው መንገድ ነው። ችግሩ ሰው ሲደነግጥ መጀመሪያ የሰማውን ነገር ማድረጉ ነው። አንዱ «ሪፔር በለው» ይላል፣ ሌላው «ኮማንድ ጻፍ» ይላል፣ ሦስተኛው «ሊኑክስ አምጣ» ይላል፣ ጥገና ቤቱ ፎርማት ይላል። ሁሉም የየራሱ ቦታ አለው። የትኛው ለእናንተ እንደሚሆን ግን መጀመሪያ ምን እንደተበላሸ ሳታውቁ መምረጥ አትችሉም።

ስክሪኑ ምን አለ?

ኮምፒውተር ሲከፈት ዊንዶው የት እንዳለ አያውቅም። መጀመሪያ የሚያገኘው «ዊንዶው ያለው እዚህ ነው» የሚል ትንሽ አስጀማሪ ፋይል ነው። ዩኢኤፍአይ በሚባለው በአዲሱ አሠራር ይህ ፋይል የሚቀመጠው ለብቻዋ በተከለለች፣ ፋት 32 በሚባለው የፋይል አደረጃጀት በተሠራች ትንሽ ፓርቲሽን ውስጥ ነው። በድሮው አሠራር ደግሞ መነሻው የሃርድ ዲስኩ የመጀመሪያ ሴክተር ነው፤ 512 ባይት ብቻ።

ፓርቲሽን ስታሰፉ፣ ስታጠቡ ወይም ስትገፉ ይህ አድራሻ ሊዛባ ይችላል። በድሮው የፓርቲሽን መዝገብ፣ በኤምቢአር፣ አድራሻው የሚመዘገበው በዲስኩ መለያ ቁጥርና ፓርቲሽኑ በሚጀምርበት ቦታ ስለሆነ፣ መነሻውን ትንሽ እንኳ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ከገፋችሁት ዊንዶው ይጠፋበታል። በአዲሱ መዝገብ፣ በጂፒቲ፣ እያንዳንዱ ፓርቲሽን የራሱ መለያ ስላለው ይህ ችግር ይቀንሳል፤ ፓርቲሽኑ ጠፍቶ እንደ አዲስ ከተፈጠረ ግን መለያውም አብሮ ይቀየራል።

ስለዚህ ምንም ከመንካታችሁ በፊት የስክሪኑን ፎቶ በስልክ አንሱ። ከዚያ ከነዚህ ጋር አስተያዩት።

«ኖ ቡታብል ዲቫይስ» ወይም «ኦፐሬቲንግ ሲስተም ኖት ፋውንድ» ካለ ማሽኑ አስጀማሪውን ፋይል ጭራሽ አላገኘውም። ትንሿ ፓርቲሽን ጠፍታለች፣ ወይም ባዮሱ (ከዊንዶው በፊት የሚነሳው የማሽኑ ማስተካከያ) የሚያየው ሌላ ቦታ ነው።

ሰማያዊ ገጽ መጥቶ «0 ኤክስ ሲ» ብሎ የሚጀምር ረጅም ቁጥር ካሳየ አስጀማሪው አለ፣ ዊንዶውን ያጣው ግን አድራሻው ተሳስቶበት ነው። ይህ ከሁሉም ቀላሉ ነው።

«ኢንአክሰሲብል ቡት ዲቫይስ» ካለ ዊንዶው መነሳት ጀምሮ ነበር፤ መሃል ላይ የራሱን ዲስክ ማንበብ አቃተው። የፋይል ሲስተሙ (ፋይሎቹ የት እንዳሉ የሚመዘግበው) ተጎድቶ ይሆናል። ወይም ደግሞ አንድ ሰው ችግሩን ልፍታ ብሎ ባዮስ ውስጥ የሳታ ሞዱን፣ ማለትም ማሽኑ ከዲስኩ ጋር የሚነጋገርበትን መንገድ፣ ለውጦታል። እሱን ወደነበረበት መልሱና ሞክሩ።

«ግራብ ረስኪው» የሚል ጽሑፍ አጠገብ ጠቋሚ ብልጭ ድርግም ካለ፣ ሊኑክስና ዊንዶው አብረው የተጫኑበት ማሽን ነው፤ ግራብ የሚባለው የሊኑክስ አስጀማሪ የሚፈልገውን ፓርቲሽን አላገኘም ማለት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው ቀኑን የሚያቃጥለው። ባዮስ ውስጥ ግቡና ሰዓቱን እዩ። ቀኑ ብዙ ዓመት ወደኋላ ከተመለሰ የእናትቦርዱ ባትሪ አልቋል። ሲአር 2032 የምትባለዋ ክብ ሳንቲም የመሰለች ባትሪ ናት። እሷ ስታልቅ የባዮሱ ምርጫ ወደ መነሻው ይመለሳል፤ በአንዳንድ ማሽን ከዩኢኤፍአይ ወደ ሌጋሲ (ወደ ድሮው አሠራር) ይቀየራል፣ ዊንዶውም አይታየውም። ፓርቲሽኑን ባስተካከላችሁ ማግስት ከሆነ ጥፋቱን ፓርቲሽኑ ላይ ትጥላላችሁ። ባትሪዋን ቀይሩ፣ ዩኢኤፍአይን መልሱ፣ ያበቃል።

በምን እንመዝናቸው?

የፕሮግራም ስም ከማወዳደር በፊት መመዘኛ ይኑረን። እኔ የምጠይቃቸው አምስት ናቸው።

ፋይሉ ያለበት ቦታ ላይ ይጽፋል ወይስ ዝም ብሎ ያነባል? ይህ ለእኔ ከሁሉም ይበልጣል። ከተሳሳትኩ መመለስ እችላለሁ? ምን ያስፈልገኛል፤ ፍላሽ፣ ሌላ ኮምፒውተር፣ ኢንተርኔት? ምን ያህል ሰዓት ይወስዳል፣ እስከዚያ ድረስስ መብራት ይቆይልኛል? በመጨረሻም ምን ያህል ማወቅ ይጠይቃል?

የመብራቱን ጥያቄ እንደ ቀላል አትዩት። ሸዋ ሮቢት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሥራ ያለው ወዳጄ ዴስክቶፑ ላይ ፓርቲሽን ሲያንቀሳቅስ፣ መቶኛው 63 ላይ ሲደርስ መብራት ሄደ። ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ የሚያቆይ ባትሪ) አልነበረውም። ፓርቲሽን ሲገፋ ዳታው ቁራሽ በቁራሽ ከቦታው እየተነሳ ወደ ሌላ ቦታ ይጻፋል። መሃል ላይ ሲቋረጥ ግማሹ አዲሱ ቦታ፣ ግማሹ አሮጌው ቦታ ይቀራል። የእሱን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

1. የዊንዶው አውቶማቲክ ጥገና

ማሽኑ ሁለት ሦስት ጊዜ መነሳት ሲያቅተው ራሱ «ስታርትአፕ ሪፔር» የሚለውን ያመጣል። ካላመጣ በዊንዶው መጫኛ ፍላሽ አስነስታችሁ «ሪፔር ዩር ኮምፒውተር» የሚለውን ትመርጣላችሁ። ማወቅ የሚጠይቀው ነገር የለም፣ ለፋይልም አደጋው አነስተኛ ነው። አንድ ጊዜ መሞከሩ አይጎዳም።

ግን እውነቱን ልናገር፤ ፓርቲሽን ከተነካ በኋላ ብዙ ጊዜ «ኩድ ኖት ሪፔር ዩር ፒሲ» ብሎ ይመለሳል። በተለይ ትንሿ የቡት ፓርቲሽን ከጠፋች መልሶ አይፈጥራትም። አድራሻ ብቻ ከተሳሳተ አንዳንዴ ያስተካክለዋል። ሁለት ጊዜ ሞክራችሁ ካልሆነ ሦስተኛ ጊዜ አትድከሙ።

ደግሞ ይህንም እወቁ። በብዙ ዊንዶው 10 እና 11 ማሽኖች የሪከቨሪ ፓርቲሽኑ ከሲ ቀጥሎ ስለሚቀመጥ ሲን ለማስፋት መንገድ ይዘጋል። ሰው ደግሞ እሱን ያጠፋውና ሲን ያሰፋል። እንደዚያ አድርጋችሁ ከሆነ የጥገናው ገጽ ራሱ አብሮ ጠፍቷል፤ ያለ ፍላሽ አይመጣላችሁም።

2. በእጅ፣ በትዕዛዝ

በመጫኛው ፍላሽ አስነስታችሁ ሺፍትን ከኤፍ 10 ጋር ስትጫኑ ጥቁሩ የትዕዛዝ መስኮት ይከፈታል። እኔ ለአድራሻ ችግር የምመርጠው ይህን ነው። ፈጣን ነው፣ የሚጽፈው የቡት ፋይሎችን ብቻ ስለሆነ ሰነዶቻችሁን አይነካም። ትክክለኛውን ዲስክ ከመረጣችሁ ማለቴ ነው።

ብዙ ሰው «ቡትሬክ» የሚለውን ብቻ ነው የሚያውቀው። ፊክስኤምቢአር፣ ፊክስቡት፣ ሪቢልድቢሲዲ እያሉ በቅደም ተከተል ይጽፋሉ። እነዚህ ለድሮው ኤምቢአር ይሆናሉ። በዩኢኤፍአይ ማሽን ላይ ግን ፊክስቡት ብዙ ጊዜ «አክሰስ ኢዝ ዲናይድ» ይላል፤ ሰው እዚያ ጋ ተስፋ ቆርጦ ወደ ፎርማት ይሄዳል። አትሂዱ። ለዩኢኤፍአይ የሚሠራው «ቢሲዲቡት» ነው። ሦስት ነገር ነው የሚፈልገው፤ የዊንዶው ፎልደር የት እንዳለ፣ የትንሿ ቡት ፓርቲሽን ፊደል፣ እና አሠራሩ ዩኢኤፍአይ መሆኑን።

የቡት ፓርቲሽኗ በራሷ ፊደል የላትም። ስለዚህ መጀመሪያ «ዲስክፓርት» የሚባለው የፓርቲሽን ማስተካከያ ውስጥ ገብታችሁ ትመርጧትና ለጊዜው ኤስ የሚል ፊደል ትሰጧታላችሁ። ጠፍታ ከሆነ ባዶው ቦታ ላይ ኢኤፍአይ ዓይነት ፓርቲሽን ፈጥራችሁ በፋት 32 ፎርማት ታደርጋላችሁ። እዚህ ፎርማት የሚደረገው ያቺ አዲስ የፈጠራችኋት ብቻ ናት፤ መጠኗን ሁለት ጊዜ አይታችሁ አረጋግጡ። የተማሪዋን ላፕቶፕ ያስነሳነው በዚሁ ነው። «ቡት ፋይልስ ሰክሰስፉሊ ክሪኤትድ» የሚለው መስመር ሲወጣ ተገላገልን አልን።

አንድ ወጥመድ አለ። በፍላሽ ስትነሱ የድራይቭ ፊደሎች ይቀያየራሉ። ዊንዶው ያለበት ሲ ሳይሆን ዲ ወይም ኢ ሊሆን ይችላል። ትዕዛዙን ከመጻፋችሁ በፊት እያንዳንዱን ፊደል ከፍታችሁ «ዩዘርስ» እና «ዊንዶውስ» የሚሉ ፎልደሮች የት እንዳሉ እዩ።

«ቼክዲስክ» የሚለውንም ብዙ ሰው በችኮላ ያስነሳዋል። እሱ የዲስክ ስህተት ፈላጊ ነው፤ ጠግን ሲባል የፋይል ሲስተሙ ላይ ይጽፋል። የፓርቲሽኑ ድንበር ተሳስቶ እያለ ወይም ዲስኩ እየሞተ እያለ ካስነሳችሁት ያልተበላሸውንም ሊያበላሽ ይችላል። ፋይላችሁን ገልብጣችሁ ሳትጨርሱ አትንኩት።

ሊኑክስም አብሮ ካለ፣ በኤምቢአር ዲስክ ላይ ፊክስኤምቢአር ግራብን ደምስሶ የዊንዶውን ይተካበታል። ዊንዶው ይነሳል፣ ሊኑክሱ ይደበቃል።

3. የሊኑክስ ፍላሽ

ይህ ለሁለት ነገር ይጠቅማል፤ ፋይል ለማውጣትና ግራብን ለመጠገን። ከስድስቱ አንዱን ብቻ ተማሩ ብትሉኝ ይህን እላችኋለሁ። ዲስኩ ላይ ምንም ሳይጭን ከፍላሽ ላይ ይሠራል፣ ዓይናችሁም ፋይሉን ያያል። ፋይሉን ካያችሁ በኋላ ልባችሁ ይረጋጋል፣ ቀጥሎ የምትወስኑትም በሰከነ ጭንቅላት ይሆናል።

የዊንዶው መጫኛ 5 ጊጋባይት እና ከዚያ በላይ ነው። ለማዳን ብቻ የተዘጋጁት ትናንሽ ሊኑክሶች፣ ለምሳሌ የጂፓርትድ ላይቭ፣ ከ1 ጊጋባይት በታች ናቸው። በስልክ ጥቅል ለሚያወርድ ሰው ልዩነቱ ትልቅ ነው። ጂፓርትድ ፓርቲሽኖቹን በቀለም ሥዕል ያሳያችኋል፤ ፋይል ለመገልበጥ ግን ሙሉ ዴስክቶፕ ያለው እንደ ሊኑክስ ሚንት ያለ ይመቻል።

ሲገለብጡ የሚያደናግሩ ሦስት ነገሮች አሉ። ዊንዶው በትክክል ሳይዘጋ ከቀረ ወይም «ፋስት ስታርትአፕ» (ዊንዶው ሙሉ በሙሉ ሳይዘጋ ቶሎ እንዲነሳ የሚያደርገው ምርጫ) ካለ ሊኑክስ ዲስኩን ለማንበብ ብቻ ሊከፍተው ይችላል። ደህና ነው፣ ለእኛ የሚያስፈልገው ማንበብ ነው። የምትገለብጡበት ፍላሽ ፋት 32 ከሆነ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም፤ የሰርግ ቪዲዮ ላይ ሰው በዚህ ይሰቃያል። ሦስተኛው ሰዓቱ ነው። በዩኤስቢ 2 በሰከንድ 30 ሜጋባይት ገደማ ብታገኙ 100 ጊጋባይት አንድ ሰዓት ያህል ይወስዳል። ስለዚህ ሁሉንም አትገልብጡ። ሰነዱ፣ ፎቶው፣ የሥራው ፎልደር ይቅደም፤ ፊልሙ ይቆይ።

ዲስኩ ቁልፍ ምልክት አሳይቶ አልከፈትም ካለ ቢትሎከር የሚባለው የዊንዶው የዲስክ መቆለፊያ አለበት። 48 አሃዝ ያለው ቁልፍ ያስፈልጋል። ዊንዶውን በማይክሮሶፍት አካውንት ከፍታችሁት ከሆነ ቁልፉ አካውንታችሁ ውስጥ ተቀምጦ ሊሆን ስለሚችል በስልካችሁ ገብታችሁ እዩ። ይህን ቁልፍ ሳታገኙ ማንም ቴክኒሻን ፋይሉን አያወጣላችሁም።

ግራብ ከሆነ የተበላሸው፣ «ቡት ሪፔር» የሚባለው መሣሪያ በኡቡንቱ ፍላሽ ላይ ተጭኖ በአንድ ቁልፍ ይጠግናል፤ እሱን ለማውረድ ግን ኢንተርኔት ያስፈልጋል። ኢንተርኔት ከሌለ ግራብን ራሳችሁ ከፍላሹ ላይ መልሳችሁ ትጭናላችሁ። ሌላም ቀላል ነገር አለ። ፓርቲሽን ስታስተካክሉ የድሮውን ስዋፕ (ሊኑክስ ሜሞሪ ሲያጥረው የሚጠቀምበትን ፓርቲሽን) ካጠፋችሁት ሊኑክሱ ሲነሳ 1 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ ያህል ቆሞ የሚጠብቅ ይመስላል። አልተበላሸም፤ የጠፋውን ስዋፕ እየፈለገ ነው። «ኤፍስታብ» ከሚባለው ፋይል ውስጥ የስዋፑን መስመር ማውጣት ይበቃል።

4. ቴስትዲስክ

ፓርቲሽኑ ራሱ ከጠፋ፣ ማለትም ሲ ወይም ዲ «አንአሎኬትድ» (ያልተመደበ ቦታ) ሆኖ ከታየ፣ እስካሁን ያልናቸው አይሠሩም። እዚህ ጋ ቴስትዲስክ ነው የሚገባው። ነጻ ነው፣ ሜኑው ግን ጽሑፍ ብቻ ስለሆነ ያስፈራል። የሚሠራው ነገር ዲስኩን እየቃኘ የድሮዎቹ ፓርቲሽኖች የት ይጀምሩ እንደነበር መፈለግ ነው።

ዋናው ደንብ አንድ ነው። ያገኘውን ፓርቲሽን ላይ ሆናችሁ ፒ ስትጫኑ ውስጡ ያሉትን ፋይሎች ይዘረዝራል። የራሳችሁን ፎልደሮች ስም በዓይናችሁ ካያችሁ ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጡ፣ ከዚያ በኋላ «ራይት» (ዲስኩ ላይ ጻፍ) በሉ። ካላያችሁ ራይት አትበሉ። ፈጣኑ ፍለጋ በደቂቃዎች ሊያልቅ ይችላል፤ ጥልቁ ፍለጋ በትልቅ ሃርድ ዲስክ ላይ ሰዓታት ይወስዳል።

የሸዋ ሮቢቱ ወዳጄ ዴስክቶፕ ግን በዚህም አልዳነም። ድንበሩ ተገኘ፣ ውስጡ ግን የተቀላቀለ ነበር። የቀረው አብሮ የሚመጣው ፎቶሬክ ነው። እሱ ፋይሎችን በይዘታቸው እየለየ ያወጣል፤ የፋይል ስምና ፎልደር ግን አያውቅም። ብዙ የዎርድ ፋይል ወጣለት፣ ስማቸው ቁጥር ብቻ። ማታ ማታ ሱቁን ዘግቶ አንድ በአንድ እየከፈተ የውልና የማመልከቻ ናሙናዎቹን ለይቶ ለመጨረስ ሁለት ሳምንት ፈጀበት።

ዲስኩን ነቅላችሁ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ስትሰኩት ዊንዶው «ፎርማት ላድርገው?» ብሎ ይጠይቃል። ካንስል በሉት። በተለይ ኤስኤስዲ ከሆነ ፎርማት ከተደረገ በኋላ «ትሪም» የሚባለው አሠራር የተለቀቀውን ቦታ ስለሚያጸዳው ብዙ ጊዜ የሚገኝ ነገር አይኖርም። የድሮው ተሽከርካሪ ሃርድ ዲስክ ይሻላል፤ በላዩ ካልተጻፈበት ዳታው ይቆያል።

5. እንደ አዲስ መጫን

ፋይሉ ከወጣ ወይም የሚወጣ ፋይል ከሌለ ይህ ንጹሕ መፍትሔ ነው። ለመጫን አንድ ሰዓት ያህል፣ ፕሮግራሞቹን ለመመለስ ግን ግማሽ ቀን አስቡ። የፓወር ግዕዝ፣ የኦፊስ፣ የፕሪንተር ድራይቨር እያለ ይቀጥላል።

ብዙ ሰው የማያውቀው፣ ዊንዶውን ሲ ላይ ፎርማት ሳታደርጉ ብትጭኑት የድሮውን «ዊንዶውስ ኦልድ» ወደሚባል ፎልደር ያስገባዋል፤ ሰነዶቻችሁም እዚያ ውስጥ ይገኛሉ። በቂ ባዶ ቦታ ይፈልጋል። ግን ይህን እንደ ባክአፕ አትቁጠሩት። በአንድ ስህተት ጠቅታ ሁሉም ይሄዳል።

6. ቴክኒሻን

ዲስኩ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ካለው፣ ወይም አንድ ፎልደር ለመክፈት ደቂቃ ከፈጀ፣ እጃችሁን አንሱ። ዲስኩ ራሱ እየሞተ ነው። እዚህ ጋ የቤት ሙከራ ይጎዳል።

ሌላው ምክንያት ሙያው ከሌላችሁና ፋይሉ ከገንዘቡ ከበለጠባችሁ ነው። ያኔ ግን ጥያቄ ጠይቁ። «መጀመሪያ የዲስኩን ሙሉ ቅጂ ትወስዳላችሁ?» በሏቸው። የሚያውቅ ባለሙያ ሥራውን የሚሠራው ቅጂው ላይ ነው። ዋጋውን ከመጀመራቸው በፊት ተስማሙ። «ፎርማት አይደረግ» ብላችሁ በወረቀት ጽፋችሁ ላፕቶፑ ላይ ለጥፉ፤ የተቀበላችሁ ልጅ ሌላ ቀን ባይኖር እንኳ ወረቀቱ ይናገራል።

በአንድ ላይ ሲታዩ

| መንገድ | ለየትኛው ችግር | ለፋይል ያለው አደጋ | የሚያስፈልገው | ጊዜ |
|---|---|---|---|---|
| አውቶማቲክ ጥገና | ቀላል የአድራሻ ስህተት | ትንሽ | ምንም፣ ወይም የዊንዶው ፍላሽ | እስከ 20 ደቂቃ |
| ትዕዛዝ (ቢሲዲቡት) | የአድራሻ ስህተት፣ የጠፋ ቡት ፓርቲሽን | ትንሽ፣ ዲስክ ካልተሳሳተ | የዊንዶው ፍላሽ፣ ትዕግሥት | ግማሽ ሰዓት |
| ሊኑክስ ፍላሽ | ፋይል ማውጣት፣ ግራብ | ከሁሉም ያነሰ | ፍላሽ፣ መገልበጫ ዲስክ | እንደ ፋይሉ ብዛት |
| ቴስትዲስክ | የጠፋ ፓርቲሽን | መካከለኛ፣ «ራይት» ላይ | ፍላሽ፣ ሁለተኛ ዲስክ | ከደቂቃ እስከ ሰዓታት |
| እንደ አዲስ መጫን | ፋይሉ የወጣ ማሽን | ከፍተኛ | የዊንዶው ፍላሽ፣ ፕሮግራሞች | ግማሽ ቀን |
| ቴክኒሻን | የሚሞት ዲስክ፣ የተቋረጠ ማንቀሳቀስ | እንደ ሰውየው | ገንዘብ፣ መንገድ | ቀናት |

ጊዜው በእኔ እጅ የፈጀው ነው፤ በአሮጌ ማሽን ይረዝማል።

ለማን የቱ?

የመመረቂያ ጽሑፍ ያለባችሁ ተማሪዎች፣ 3 ቁጥር ይቅደም፣ 2 ቁጥር ይከተል። ኤክስተርናል ከሌላችሁ ከዶርም ጓደኛ ፍላሽ ተዋሱ፤ ጽሑፉ ራሱ ጥቂት ሜጋባይት ስለሆነ ማንኛውም ፍላሽ ይችለዋል።

ገንዘብም ኢንተርኔትም ያጠረው ሰው 1 ቁጥርን አንዴ ይሞክር፤ ካልሆነ የዊንዶው ፍላሽ ካለው ሰው ተውሶ 2 ቁጥርን ይሥራ። ፋይሉ ግድ ካልሰጠው ደግሞ በቀጥታ 5 ቁጥር ይሄዳል፤ አንድ ቀን ሙሉ ትዕዛዝ ሲጽፍ ከሚውል።

የጽሕፈት ቤት፣ የትምህርት ቤት ወይም የሱቅ ዴስክቶፕ ከሆነ የሌላ ሰው ሥራ አለበትና 3 ቁጥርን ሳትሠሩ ወደ ምንም አትለፉ። ፓርቲሽን የማንቀሳቀስ ሥራ በመብራት መሄድ ከተቋረጠ ደግሞ 1 እና 2ን አትሞክሩ። ያስጀመረው ፕሮግራም ራሱ ከተቋረጠበት ልቀጥል የሚል ከሆነ ያንን ብቻ ፍቀዱለት፤ ካልሆነ ማሽኑን ዘግታችሁ ወደ 4 ወይም 6 ሂዱ።

መሐል ሜዳ፣ ዓለም ከተማ ወይም እነዋሪ ያላችሁ፣ ጥገና ቤት ፍለጋ ደብረ ብርሃን ድረስ መጥታችሁ እዚህም ካልተቻለ ወደ አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ይቀራችኋል። ስለዚህ ፍላሹ ቀድሞ ቤት ይኑር። 16 ጊጋባይት የሆነ ፍላሽ ላይ «ቬንቶይ»ን ጫኑበት። ከዚያ የዊንዶውንና የሊኑክሱን የአይኤስኦ (የመጫኛ) ፋይል እንደ ማንኛውም ፋይል ገልብጣችሁ ታስቀምጣላችሁ፤ ሲነሳ የትኛውን እንደምትፈልጉ ይጠይቃችኋል። ደህና ኢንተርኔት ባለበት ቀን አንዴ ማውረድ ይበቃል፤ ለጎረቤትም ይተርፋል።

ፓርቲሽን ገና ልትነኩ ያሰባችሁ ካላችሁ ደግሞ፣ ላፕቶፑ ባትሪው የማይዝ ከሆነ በክረምት ከሰዓት፣ ነጎድጓዱ ሲያጉረመርም አትጀምሩት። ቢትሎከሩን ለጊዜው አቁሙት፣ ፋስት ስታርትአፑን አጥፉት፣ የዲስኩን ሥዕል በስልክ ፎቶ አንሱ፤ የትኛው ፓርቲሽን ስንት ሜጋባይት እንደነበረ በኋላ የሚነግራችሁ ያ ፎቶ ነው። የሲን ቀኝ ጫፍ ማስፋት ከተቻለ እሱን ብቻ አድርጉ። መነሻውን፣ ማለትም ግራውን ጫፍ፣ ካልተገደዳችሁ አታንቀሳቅሱት።